ሁለተኛው ማዕበል መጀመሪያ የሚታየው በወረዳ ቁጥር ላይ ነው

የወረርሽኝ ዕለታዊ መግለጫ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ «ባለፉት 24 ሰዓታት ይህን ያህል ሰው ቫይረሱ ተገኝቶበታል» ይባላል። ቁጥሩ ከትናንቱ ካነሰ ሰው እፎይ ይላል፣ ከበለጠ ይደነግጣል። ይሁን እንጂ ይህ አንድ ቁጥር ብቻውን በሽታው እየተመለሰ ይሁን እየሄደ አይናገርም። ስንት ሰው ተመርምሮ ነው? የተያዙት የታመሙት መቼ ነው? የሚኖሩትስ የት ነው? እነዚህ ሳይታወቁ የተነገረ ቁጥር ግማሽ ወሬ ነው።

ሁለተኛ ማዕበል በአንድ ቀን በአገሩ ሁሉ አይነሳም። በጥቂት ወረዳዎች ይጀምራል። በዚያ ጊዜ የክልሉም ሆነ የአገሩ ድምር ዝም ሊል፣ እንዲያውም እየወረደ ሊታይ ይችላል። ማዕበልን መከታተል ማለት እነዚያን ወረዳዎች ድምሩ ሳይነቃ በፊት ማግኘት ነው።

«ሁለተኛ ማዕበል» የሚባለው መቼ ነው?

ይህን ያህል ሰው ሲያዝ ሁለተኛ ማዕበል ይባላል የሚል ዓለም የተስማማበት ቁጥር የለም። የበሽታ ቅኝት (የበሽታን ሥርጭት በየጊዜው የመከታተል ሥራ) ባለሙያዎች ቃሉን የሚጠቀሙት ሦስት ነገሮች ተከታትለው ሲታዩ ነው። መጀመሪያ የተያዦች ቁጥር ከፍ ብሎ በግልጽ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ለተወሰኑ ሳምንታት ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ እንደገና መውጣት ይጀምርና መውጣቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ለሁለት ቀን ከፍ ብሎ የተመለሰ ቁጥር ማዕበል አይደለም፤ የአንድ ሠርግ ወይም የአንድ እስር ቤት ወሬ ሊሆን ይችላል።

የሚመለስባቸው ምክንያቶች አራት ያህል ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ተደራርበው ይመጣሉ። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ዙር ያልተያዘ ብዙ ሰው ይቀራል። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የተያዘው ሰው ያገኘው የመከላከል አቅም እየደከመ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ቫይረሱ ራሱ ይለወጣል። አራተኛ፣ ሰዉ ጥንቃቄውን ይተዋል፣ ወይም ወቅቱ ተለውጦ በተዘጋ ቤት አብሮ መቀመጥ ይበዛል። የብራዚሏ ማናውስ ከተማ ለዚህ ከባድ ምሳሌ ናት። በደም ለጋሾች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 2020 ድረስ ከነዋሪው ሦስት አራተኛ ያህሉ በኮቪድ-19 ተይዟል ብሎ ገምቶ ነበር። ግምቱን ይዘው «ከዚህ በኋላ አይመለስም» ያሉ ነበሩ። በጃንዋሪ 2021 ግን በሽታው በአዲስ ዝርያ ተመልሶ የሆስፒታሎቹን ኦክስጅን ጨረሰ።

ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይቀላል የሚለው እምነትም በታሪክ አይደገፍም። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ከማርች ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ቀለል ብሎ አልፎ ነበር። በኦገስት መጨረሻ ግን እጅግ በሚራራቁ ሦስት የወደብ ከተሞች፣ በፈረንሳይ ብሬስት፣ በሴራሊዮን ፍሪታውንና በአሜሪካ ቦስተን፣ በአንድ ሰሞን ታየ፤ በሚቀጥሉት ሦስት ወራትም ከወረርሽኙ ሟቾች አብዛኞቹን ገደለ። በእኛ ዘንድ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወሰው ይኸው ሁለተኛው ዙር ነው።

ለምን በወረዳ? የክልሉ ድምር አይበቃም?

አንድ አስተማሪ የክፍሉን አማካይ ውጤት ብቻ ቢያይ፣ አርባ ተማሪ ትንሽ ትንሽ ሲሻሻል አንዱ በየሳምንቱ እየወደቀ መሆኑ አይታየውም። የክልል ድምርም እንዲሁ ነው። በቁጥር እንየው።

አሥር ወረዳ ያለው ክልል አለ እንበል። ዘጠኙ ወረዳዎች በአንድ ላይ በሳምንት 900 ተያዥ አላቸው፤ ቁጥራቸውም በየሳምንቱ በ10 በመቶ እየቀነሰ ነው። አሥረኛው ወረዳ 20 ተያዥ ብቻ አለው፤ ነገር ግን በየሳምንቱ በእጥፍ ያድጋል። መነሻው ላይ ድምሩ 920 ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ 810 እና 40፣ ድምሩ 850። ከሁለት ሳምንት በኋላ 729 እና 80፣ ድምሩ 809። ከሦስት ሳምንት በኋላ 656 እና 160፣ ድምሩ 816። ከአራት ሳምንት በኋላ 590 እና 320፣ ድምሩ 910። በአምስተኛው ሳምንት 531 እና 640፣ ድምሩ 1,171።

ልብ ይበሉ፤ ከአራት ሳምንት በኋላም ድምሩ ከመነሻው ያነሰ ነው። በክልል ደረጃ የሚሰጥ መግለጫ በዚያ ቀን «ሁኔታው የተረጋጋ ነው» ቢል ከቁጥሩ ጋር አይጋጭም። በአሥረኛው ወረዳ ግን በሽታው 16 እጥፍ ሆኗል። ድምሩ በግልጽ የሚጮኸው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከወረዳው የወጣ ሰው በሽታውን ወደ ጎረቤት ወረዳዎች አድርሶታል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በህንድ የመጀመሪያው ማዕበል በሴፕቴምበር 2020 በቀን ወደ 97,000 ገደማ ተያዥ ደርሶ ከወረደ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2021 የአገሪቱ ዕለታዊ ቁጥር ከ10,000 እስከ 15,000 ባለው ውስጥ ነበር። በዚያው ወር ግን በማሃራሽትራ ግዛት ያለው የአምራቫቲ ወረዳ ቁጥሩ ፈጥኖ ስላደገ እንቅስቃሴ እስከ መገደብ ደርሶ ነበር። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ በሜይ መጀመሪያ፣ የአገሪቱ ዕለታዊ ቁጥር ከ400,000 በላይ ሆነ።

ዛሬ የሚነገረው ቁጥር የመቼ ነው?

የዛሬ አይደለም። አንድ ሰው ቫይረሱ ከገባበት ቀን ጀምሮ ስሙ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ያለውን መንገድ እንከተል። በመጀመሪያው የኮቪድ-19 ዝርያ ምልክት እስኪታይ በአማካይ አምስት ቀን ያህል ይወስዳል፤ ኦሚክሮን ሲመጣ ወደ ሦስት ቀን ገደማ ወርዷል። የታመመው ሰው «ያልፋል» ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ናሙናው ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ተጉዞ ውጤቱ እስኪወጣ ሌላ ሁለት ቀን፣ ከሩቅ ወረዳ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሄዳል። መዝገብ ላይ ሰፍሮ ከፍ ላለው ጽሕፈት ቤት እስኪደርስ አንድ ቀን ይጨምሩበት። ሲደመር አሥር ቀን ያህል ነው። በሽታው በየሳምንቱ በእጥፍ የሚያድግ ከሆነ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ወደ 2.7 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ «በሳምንቱ 100 ሰው ተገኝቷል» የተባለበት ወረዳ፣ ዜናው በሚነገርበት ሳምንት አዲስ የሚያዘው ሰው 270 ገደማ ነው።

ከዚህ የተነሳ ጥሩ የቅኝት መዝገብ ለእያንዳንዱ ታማሚ ቢያንስ አራት ቀኖችን ለይቶ ይይዛል፤ ምልክት የጀመረበትን፣ ናሙና የተወሰደበትን፣ ውጤት የወጣበትንና ሪፖርት የተደረገበትን። የማዕበሉ እውነተኛ ቅርፅ የሚወጣው ምልክት በጀመረበት ቀን ሲሳል ነው። ሪፖርት በተደረገበት ቀን የተሳለ መስመር የበሽታውን ሳይሆን የጽሕፈት ቤቶቹን የሥራ ፍጥነት ያሳያል። ቅዳሜና እሑድ ይወርዳል፣ ሰኞ ማክሰኞ ይዘላል፣ ለበዓል ይጠፋና ከበዓል በኋላ ይፈነዳል። ላቦራቶሪ ውስጥ ተከማችቶ የነበረ የሁለት ሳምንት ናሙና በአንድ ቀን ውጤቱ ሲለቀቅም ድንገተኛ ማዕበል ይመስላል። የ7 ቀን አማካይ የሚወሰደው ይህን የሳምንት ውጣ ውረድ ለማለስለስ ነው።

ምልክት በጀመረበት ቀን መሳልም የራሱ ወጥመድ አለው። ባለፉት ሰባት እስከ አሥር ቀናት የታመሙ ሰዎች ገና ተመርምረው አላለቁም። ስለዚህ የመስመሩ ቀኝ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ታች የታጠፈ ይመስላል። በሽታው እየወረደ ሳይሆን ቁጥሩ ገና እየተሰበሰበ ነው። ጠንቃቃ ግራፍ ያንን ጫፍ በሌላ ቀለም አደብዝዞ ያሳያል። ባላደበዘዘው ላይ አንባቢው ራሱ የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት በእጁ ሸፍኖ ቢያነብ ይሻለዋል።

«ከ100,000 ሰው» የሚባለው ለምንድን ነው?

200 ተያዥ ያለበት ወረዳ 50 ተያዥ ካለበት ይብሳል ማለት አይደለም። የመጀመሪያው 800,000 ነዋሪ፣ ሁለተኛው 40,000 ነዋሪ ካላቸው፣ በቅደም ተከተል ከ100,000 ሰው 25 እና 125 ይሆናሉ። ሁለተኛው ወረዳ አምስት እጥፍ የከፋ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ባለፉት ሰባት ቀናት የተገኙ አዲስ ተያዦች ሲካፈል ለነዋሪው ቁጥር፣ ከዚያ ሲባዛ በ100,000።

ጀርመን በሜይ 2020 ይህን መለኪያ በየወረዳው ሥራ ላይ አዋለችው። በሰባት ቀን ከ100,000 ሰው 50 ያለፈ ወረዳ ጠንከር ያለ እርምጃ እንዲወስድ ተወሰነ። ቁጥሩ የተመረጠበት ምክንያት ተግባራዊ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የእያንዳንዱን ታማሚ ንክኪ እየደወለ መከታተል ያቅተዋል ተብሎ ነው። ይህ አስተሳሰብ ለየትኛውም አገር ይሠራል፤ የሚለወጠው ቁጥሩ ነው። ሁለት የንክኪ ልየታ ባለሙያ ያለው ወረዳ ሃያ ካለው እጅግ ቀድሞ ይጥለቀለቃል፤ የማስጠንቀቂያ መስመሩም ያን ያህል ዝቅ ማለት አለበት።

ትንሽ ወረዳ ላይ ግን ይህ መለኪያ ያታልላል። 8,000 ነዋሪ ባለው ወረዳ አንድ አራት ሰው ያለው ቤተሰብ ቢያዝ፣ ስሌቱ ወዲያው ከ100,000 ሰው 50 ይላል። በሳምንት በአማካይ አራት ሰው የሚያዝበት ወረዳ ምንም ሳይለወጥ፣ በአጋጣሚ ብቻ፣ አንድ ሳምንት 1 ሌላ ሳምንት 8 ሊያሳይ ይችላል። አማካዩ 400 የሆነ ወረዳ ግን በአጋጣሚ የሚዋዥቀው ከ360 እስከ 440 ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ለትንንሽ ወረዳዎች የሁለት ሳምንት ድምር ይወሰዳል፤ ወይም ሰዎቻቸው በአንድ ገበያና በአንድ መንገድ የሚገናኙ ጎረቤት ወረዳዎች አብረው ይታያሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «እነዚህ አራት ሰዎች ይተዋወቃሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከአንድ ቤት የወጡ አራት ሰዎች የቤተሰብ ጉዳይ ናቸው። በማይገናኙ አራት ሰፈሮች የሚኖሩ አራት ሰዎች ግን በመሐላቸው ያልታዩ ብዙ ተያዦች እንዳሉ ያመለክታሉ።

ምርመራው ከቀነሰ ተያዡም ይቀንስ የለ?

አዎ፣ በወረቀት ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከተያዦች ቁጥር ጎን አንድ ሌላ ቁጥር ሁልጊዜ መነበብ አለበት፤ ከተመረመሩት ውስጥ ቫይረሱ የተገኘባቸው ድርሻ። ባለፈው ሳምንት 1,000 ሰው ተመርምሮ 50 ተገኘ፤ ድርሻው 5 በመቶ ነው። በዚህ ሳምንት 500 ሰው ተመርምሮ 50 ተገኘ፤ ድርሻው 10 በመቶ ሆነ። የተያዦቹ ቁጥር አልተለወጠም፣ ሁኔታው ግን ምናልባት ብሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ካወጣቸው መመዘኛዎች አንዱ፣ ሰፊ ምርመራ በሚደረግበት ቦታ ይህ ድርሻ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከ5 በመቶ በታች መሆን አለበት የሚል ነበር።

ድርሻው ሲነበብ «የተመረመሩት እነማን ናቸው?» ማለት ያስፈልጋል። ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን ብቻ የሚመረመሩበት ወረዳ ድርሻው ከፍ ይላል። ለጉዞ ወረቀት የሚፈልጉ ጤነኛ መንገደኞች የሚመረመሩበት ዝቅ ይላል። ማን ይመርመር የሚለው ደንብ በመሐል ከተለወጠ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር አይቻልም። ሌላው የተለመደ ስህተት ከፈጣን ምርመራ ጋር ይመጣል፤ ቫይረሱ የተገኘባቸው ብቻ ተመዝግበው ያልተገኘባቸው ሳይመዘገቡ ሲቀሩ፣ ድርሻው ያለምክንያት ይዘላል። አንድ ሕመምተኛ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ሦስት ሰው ሆኖ መቆጠሩም ያጋጥማል።

ፍጥነቱ እንዴት ይታወቃል?

ለወረዳ ባለሙያ የሚበቃው ስሌት የዚህን ሳምንት ቁጥር ባለፈው ሳምንት ቁጥር ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ1 በላይ ከሆነ በሽታው እያደገ ነው። 1.1 ከሆነ በእጥፍ ለመሆን ሰባት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ 1.2 ከሆነ ከአራት ሳምንት ትንሽ ያነሰ፤ 1.5 ከሆነ 12 ቀን፤ 2 ከሆነ አንድ ሳምንት። የዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ውጤቱ 1.5 የሆነ ወረዳ፣ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ውጤቱ 0.8 ከሆነው ይበልጥ አስቸኳይ ነው። በሥራ ላይ በጣም የሚዘነጋው ይህ ነው። እርዳታ ብዙ ጊዜ የሚላከው ቁጥሩ ትልቅ ወደሆነበት ወረዳ ነው፤ ሊቆም የሚችለው ማዕበል ግን ሌላው ጋ ነው።

በዜና የሚሰማው «የመተላለፊያ ቁጥር» ከዚህ የሚቀዳ ነው። አንድ ታማሚ በአማካይ ወደ ስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ ይናገራል። ከሳምንታዊው ውጤት ጋር አንድ አይደለም፤ ምክንያቱም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ለመተላለፍ የሚወስደው ጊዜ ሳምንት ሙሉ ላይሆን ይችላል። ያ ጊዜ አምስት ቀን ከሆነና ቁጥሩ በሳምንት በእጥፍ ካደገ፣ የመተላለፊያ ቁጥሩ 1.6 ገደማ ይሆናል። ሳምንታዊ ተያዡ ከጥቂት አሥር ሰዎች ባነሰበት ወረዳ ይህን ቁጥር ማስላት ጥቅም የለውም፤ ስሌቱ ሊሳሳት የሚችልበት ስፋት ከ1 በታችም ከ1 በላይም ስለሚደርስ ምንም አያስወስንም።

የንክኪ ልየታ ለቅኝት ምን ይጨምራል?

ንክኪ ያላቸውን ሰዎች መፈለግ ሥርጭቱን ለመቁረጥ ብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ከሁሉ የረቀቀው የማስጠንቀቂያ መሣሪያም ነው። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ መልስ ያግኝ፤ አዲስ ከተገኙት ታማሚዎች ውስጥ ስማቸው ቀድሞ በንክኪ ዝርዝር ላይ የነበረው ስንቶቹ ናቸው? ከአሥር ስምንቱ ከነበሩ፣ ወረዳው በሽታውን እየተከተለው ነው። ከአሥር ሁለቱ ብቻ ከሆኑ፣ በሽታው ባለሙያዎቹ በማያዩት መንገድ እየሄደ ነው፤ የተያዦቹ ቁጥር ገና ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ። ሁለተኛው ጥያቄ ከወረዳው ውጭ ተይዘው የመጡትንና እዚያው የተያዙትን መለየት ነው። መጀመሪያ መጤዎቹ ይበዛሉ፤ ሚዛኑ ወደ ነዋሪዎቹ ሲያጋድል ማዕበሉ ሥር ሰድዷል።

ኮቪድ-19 የሚተላለፈው እኩል በእኩል አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት የተሠሩ ግምቶች ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ የሚሆኑ ታማሚዎች የሥርጭቱን 80 በመቶ ያህል እንዳደረሱ ያሳያሉ። አብዛኛው ታማሚ ለማንም አያስተላልፍም፤ ጥቂቱ በአንድ ስብሰባ ለብዙ ያስተላልፋል። ስለዚህ «ይህ ሰው ከታመመ በኋላ ማንን አገኘ?» ከሚለው እኩል «ይህ ሰው የት ተያዘ?» ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጃፓን ገና ከመጀመሪያው ይህን የወደ ኋላ ፍለጋ ይዛ ሠርታለች። አንድ ታማሚ የተያዘበት ቦታ ሲገኝ፣ እዚያው ቦታ የተያዙ ሌሎች አምስት ወይም አሥር ሰዎች አብረው ይገኛሉ።

ምርመራ በበቂ በሌለበትስ?

ብዙ ወረዳዎች በሳምንት ጥቂት ናሙና እንኳ አይልኩም። እነሱን ዕውር አድርጎ መተው አይገባም።

የመጀመሪያው መንገድ ጤና ተቋማት ናቸው። በተመረጡ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየሳምንቱ በከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም የሚገቡ ሰዎች ይቆጠራሉ፤ ከእነሱም በቋሚ ደንብ፣ ለምሳሌ ከየቀኑ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሕሙማን፣ ናሙና ይወሰዳል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ደንቡ ስለማይለዋወጥ ሳምንት ከሳምንት ይነጻጸራል።

ኦክስጅን ሌላው ምስክር ነው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚፈልግ አንድ ታማሚ በቀን 14,400 ሊትር ይጨርሳል። 6,800 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ሲሊንደር ለእሱ ከ11 ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ማለትም ለአንድ ሰው በቀን ከሁለት ሲሊንደር በላይ ነው። አሥር እንዲህ ያለ ታማሚ የገባበት የወረዳ ሆስፒታል በቀን ከ20 በላይ ሲሊንደር ያስሞላል። የሲሊንደር መሙያ መዝገብ ድንገት ካደገ፣ የምርመራ ሪፖርት ባይኖርም ከባድ ሕሙማን በዝተዋል ማለት ነው። ችግሩ ምልክቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው፤ ታማሚ ሆስፒታል የሚገባው ምልክት ከጀመረ ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

ከዚህ ቀድሞ የሚናገረው የፍሳሽ ምርመራ ነው። በኮቪድ-19 የተያዙ ብዙ ሰዎች፣ ምልክት ያላሳዩትም ጭምር፣ የቫይረሱን ቅንጣት በሰገራቸው ያወጣሉ። በኔዘርላንድስ አመርስፎርት ከተማ በማርች 2020 ቫይረሱ በፍሳሽ ውስጥ የተገኘው የመጀመሪያው ታማሚ ሪፖርት ከመደረጉ ስድስት ቀን ቀድሞ ነበር። ናሙናው በአንድ ቅጽበት ሳይሆን በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ ቢሰበሰብ ይመረጣል፤ የጠዋቱና የእኩለ ሌሊቱ ፍሳሽ አንድ አይደለምና። ዝናብ ሲዘንብ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ውጤቱ በፍሳሹ መጠን መስተካከል አለበት። የጋራ የፍሳሽ መስመር በሌለበት ወረዳ ግን ይህ ዘዴ እምብዛም አይሠራም።

የመጨረሻው የሞት መዝገብ ነው። በሳምንቱ በማናቸውም ምክንያት የሞቱ ሰዎች ባለፉት አምስት ዓመታት በተመሳሳይ ሳምንት ከነበረው አማካይ ጋር ይነጻጸራሉ፤ ትርፉ የማዕበሉን ክብደት ይናገራል። ለማስጠንቀቂያ ዘግይቷል፤ የትኛው ወረዳ ሳይታይ እንደታመመ ለማወቅ ግን ከእሱ የታመነ የለም።

አዲስ ዝርያ መግባቱስ እንዴት ይታወቃል?

የቫይረሱ ዘረመል ሙሉ በሙሉ ሲነበብ ነው። ለዚህ ሁሉንም ናሙና ማንበብ አያስፈልግም። ከተያዦቹ 5 በመቶ የደረሰ አዲስ ዝርያን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለማግኘት 59 ናሙና ይበቃል። ገና 1 በመቶ ላይ ሳለ ለማግኘት ግን 300 ያህል ያስፈልጋል። ይህ ስሌት የሚሠራው ናሙናዎቹ ከየወረዳው በዕጣ ከተመረጡ ነው፤ ከዋና ከተማው አንድ ሆስፒታል የመጡ 300 ናሙናዎች ስለ ጠረፍ ወረዳ ምንም አይናገሩም።

አንዳንዴ አቋራጭ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በእንግሊዝ በሥራ ላይ ከነበሩት የፒሲአር ምርመራዎች አንዱ የቫይረሱን ሦስት ቦታዎች ይፈልግ ነበር። በኋላ አልፋ የተባለው ዝርያ በአንደኛው ቦታ ላይ ስለተለወጠ፣ ሁለቱ ቦታ ሲገኝ ሦስተኛው ይጠፋ ጀመር። ዘረመሉ እስኪነበብ ሳይጠበቅ፣ ያ የጎደለ ምልክት ዝርያው ከአካባቢ ወደ አካባቢ ሲዛመት በየቀኑ ለማየት አስቻለ።

መረጃው የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ዜሮ እና ዝምታ ሲቀላቀሉ። ሪፖርት ያላከ ወረዳ በካርታው ላይ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ በሽታ የሌለበት ይመስላል። ስለዚህ «ዜሮ ታማሚ» የሚል ሪፖርትም በየሳምንቱ መላክ አለበት፤ ያላከው ወረዳ በካርታው ላይ በግራጫ ይሞላ። በአፍሪካ በሥራ ላይ ያለው የተቀናጀ የበሽታ ቅኝት አሠራር ቢያንስ 80 በመቶ ሪፖርት በወቅቱ እንዲደርስ ግብ ያስቀምጣል። ከዚያ በታች በሆነበት ሳምንት የቁጥር መውረድን አለማመን ነው የሚሻለው።

አድራሻ ሲሳሳት። ላቦራቶሪ ወይም ትልቅ ሆስፒታል ያለበት ወረዳ የሌሎችን ታማሚ ሁሉ ይሸከማል፤ ታማሚዎቹ የመጡባቸው ወረዳዎች ንጹሕ መስለው ይቀራሉ። የሚመዘገበው ታማሚው በታመመበት ሰሞን የኖረበት ወረዳ ነው እንጂ የተመረመረበት አይደለም። የነዋሪው ቁጥር ከአሥር ዓመት በፊት ከተደረገ ቆጠራ ከተወሰደ፣ ወይም ወረዳው ለሁለት ተከፍሎ መዝገቡ ካልተስተካከለም ስሌቱ ሁሉ ይዛባል።

ፋይሉ ራሱ ሲጎድል። በእንግሊዝ በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ 2020፣ ልክ ሁለተኛው ማዕበል ሲነሳ፣ ወደ 16,000 የሚጠጉ ተያዦች ከዕለታዊ ቁጥር ቀርተው ነበር። ውጤቶቹ የተገለበጡበት የቆየ የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም ነበር፤ የተረፈው ያለ ማስጠንቀቂያ ተቆረጠ። ሰዎቹ ውጤታቸው ደርሷቸዋል፤ ስማቸው ግን ለንክኪ ልየታ ባለሙያዎች በጊዜው አልተላለፈም። መከላከያው ቀላል ነው፤ በየቀኑ ላቦራቶሪው የላከው የመስመር ብዛትና መዝገቡ የተቀበለው ብዛት ጎን ለጎን ተቆጥሮ እኩል መሆኑ ይረጋገጥ።

መውረዱ እውነት መሆኑ በምን ይለያል?

በቅደም ተከተሉ። እውነተኛ መውረድ መጀመሪያ በተያዦች ላይ፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ በሆስፒታል ገቢዎች ላይ፣ ከዚያም ቢያንስ አንድ ሳምንት ቆይቶ በሞት ላይ ይታያል። ተያዦች እየወረዱ የሆስፒታል ገቢ መውጣቱን ከቀጠለ ምርመራው ነው የደከመው። ላቦራቶሪ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ተደፍቶ ይቀራል፤ በቀን 400 ናሙና ብቻ መሥራት የሚችል ላቦራቶሪ ከ400 በላይ ተያዥ ሊያሳይ አይችልም፤ ይህ ጠፍጣፋ መስመርም ብዙ ጊዜ «ጫፉ ላይ ደርሰናል» ተብሎ ይተረጎማል። ከተመረመሩት ውስጥ የተገኘባቸው ድርሻ በዚያው ሳምንት እየወጣ ከሆነ ጫፉ ገና ነው።

ድምሩ ሲወርድም ሥራው ወደ ወረዳ ይመለሳል። የዚህ ሳምንት ቁጥር ባለፈው ሳምንት ቁጥር ሲካፈል በክልሉ አማካይ 0.8 ሲታይ፣ በውስጡ 1.3 የሆኑ ሁለት ሦስት ወረዳዎች መኖራቸው የተለመደ ነው። በየሳምንቱ ሁሉንም ወረዳ በዚህ ውጤት በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ከ1 በላይ የቆዩትን ለይቶ፣ በዚያው ሳምንት ስልክ መደወል ያስፈልጋል፤ ስንት ሰው እንደመረመሩ፣ ታማሚዎቹ እርስ በርስ ይተዋወቁ እንደሆነ፣ ስንት ሲሊንደር እንደቀራቸው።